ባዶ ቦታም ጽሑፍ ነው

በእንዲህ ዓይነት ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ትልልቅ ነገር ነው፤ ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ዳታቤዝ፣ ስለ ሴኩሪቲ። እኔ ግን ዛሬ ማንም ልብ ስለማይላት ነገር ልጽፍ ተነስቻለሁ፤ ስለ ባዶ ቦታ። አዎ፣ የኪቦርዱን ረጅሙን ቁልፍ ስንጫን ስለምትመጣዋ ክፍተት፣ ስለ ታብና ስለ አዲስ መስመር። «የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ ነው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እስካለፈው ሴሚስተር ድረስ እንደ እናንተው ነበርኩ።

ሐሳቤን በአጭሩ አስቀድሜ ልናገር። ከስታይልሺት በሚወጣ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ ሁሉ ፕሮግራመሩ አውቆ የጻፈው መሆን አለበት። ከወጣ በኋላ በእጅ የምንጠርገው ነገር አይደለም፤ የሥራው አካል ነው። እንደ ሥራው አካልም በላብ ልምምዳችን ውስጥ ነጥብ ሊያዝበት ይገባል። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት በራሴ ጥፋት ልጀምር።

ለማያውቁት ላስታውስ። ኤክስኤስኤልቲ የምንለው ቋንቋ የኤክስኤምኤል ዶክመንትን ወደ ሌላ መልክ የሚቀይር ነው። የመጀመሪያው ቨርዥን የደብሊው ስሪ ሲ የጸደቀ ሰነድ ሆኖ የወጣው በኅዳር 1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ 2.0 በ2007፣ 3.0 ደግሞ በ2017 ወጥተዋል። ብዙዎቻችን የምንማረው ኤክስኤምኤልን ወደ ኤችቲኤምኤል ለመቀየር ነው። ነገር ግን ውጤቱ ተራ ጽሑፍ እንዲሆንም ማዘዝ ይቻላል፤ የስም ዝርዝር፣ በኮማ የተከፋፈለ ፋይል፣ የኤስኪውኤል ትእዛዝ፣ ደብዳቤ። የእኔ ታሪክ የስም ዝርዝር ነው።

ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ የላብ ፈተና የተማሪዎች ዝርዝር እንዳዘጋጅ ተጠየቅኩ። ምንጩ ኤክስኤምኤል ነበር፤ በእያንዳንዱ ተማሪ ሥር ስም፣ የአባት ስምና መለያ ቁጥር በየራሳቸው መስመር፣ ወደ ውስጥ ገባ ገባ ብለው በሥርዓት ተቀምጠዋል። በላቡ በር ላይ ባለው ኮምፒዩተር የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ነበር። እሱ ዝርዝሩን መስመር በመስመር እያነበበ በባዶ ቦታ ይከፋፍለዋል፤ የመጀመሪያው ቃል ስም፣ ሁለተኛው የአባት ስም፣ ሦስተኛው መለያ ቁጥር ነው። ተማሪው ቁጥሩን ሲያስገባ ስሙ ይወጣል፣ ይገባል። በቃ ይኸው ነው።

ስታይልሺቴን ጻፍኩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ በውስጡ ያሉትን ሁሉ እንዲያወጣ አዘዝኩ፤ መጨረሻው ላይ አዲስ መስመር ጨመርኩ። ውጤቱን ስከፍተው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ስሙ አንድ መስመር ላይ፣ የአባት ስሙ ከታች ስምንት ክፍተት ገብቶ፣ ከዚያ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ባዶ መስመር። ምን አደረግኩ? ኤዲተር ከፍቼ በእጄ አጸዳሁት። ወደ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ እንጂ ቆንጆ ሆነ። ላክሁት፤ ተሞከረ፤ ሠራ። ተመሰገንኩም።

ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት ዘግይተው የተመዘገቡ ተማሪዎች ተጨመሩና ዝርዝሩ እንደገና ይውጣ ተባለ። ያን ሁሉ ጽዳት መድገም ሰለቸኝ። አንድ ጓደኛዬ «ስትሪፕ ስፔስ የምትባል መመሪያ አለች፣ እሷን ጨምርና ተገላገል» አለኝ። ጨመርኩ። እውነትም ባዶ መስመሮቹ ድራሻቸው ጠፋ። መስመሮቹን ብቻ አስቆጠርኩ፤ 41 ተማሪ፣ 41 መስመር። ስሞቹን ግን አላነበብኩም። ላክሁና ተኛሁ።

ጠዋት ላይ 41 ተማሪ በር ላይ ቆሞ አንድም ሰው መግባት አልቻለም። ፕሮግራሙ ማንንም አላውቅም አለ። ፋይሉን ስንከፍተው ስም፣ የአባት ስምና መለያ ቁጥር ሦስቱም ተጣብቀው አንድ ረጅም ቃል ሆነዋል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስታይልሺቱን ከፍቼ ሦስቱን ለየብቻ እንዲያወጣ ቀየርኩና በመካከላቸው የኪቦርዱን ክፍተት ተጫንኩ። እንደገና አስኬድኩት። አሁንም ተጣብቀዋል! ሁለት ክፍተት አደረግኩ። ያው ነው። የላብ ረዳቱ ከኋላዬ ቆሞ «አንተ፣ ምን እያደረግክ ነው? ልጆቹ እኮ ቆመዋል» ይለኛል።

በመጨረሻ ፈታኙ የወረቀት መዝገብ አምጥተው አንድ በአንድ በእጅ እያመሳከሩ አስገቧቸው። በፊደል ተራ ስለነበር ስሟ በ«ፍ» የሚጀምር አንዲት ልጅ መጨረሻ ላይ ገባች። ፈተናው 90 ደቂቃ ነበር፤ እሷ ስትቀመጥ 35ቱ አልፏል። ላቡ ከዚያ በኋላ ለሌላ ክፍል ስለተያዘ የሚጨመርላት ሰዓት አልነበረም። ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችኝና «ስሜን ምን በላው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነት ለመናገር ምን እንደበላው እኔም አላውቅም ነበር።

ስሟን የበላው ምን እንደሆነ ለማወቅ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ነገሩ ሲገባኝ ከባድ አልነበረም። ከባድ የሚያደርገው ሁለት ቦታ ላይ ሁለት የተለያየ ሕግ መኖሩ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ ስለ ምንጩ ዶክመንት ነው። ኤክስኤስኤልቲ በምንጩ ውስጥ ያለን ባዶ ቦታ ሁሉ እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። በስምና በአባት ስም ታጎች መካከል ያለው አዲስ መስመርና ስምንት ክፍተት ለእኛ ማስዋቢያ ነው፤ ለፕሮሰሰሩ ግን እንደ ማንኛውም የጽሑፍ ኖድ ነው። የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው ደግሞ የጽሑፍ ኖድን ሁሉ ወደ ውጤቱ የሚገለብጥ አብሮ የተሠራ ሕግ አለው። የመጀመሪያው ፋይሌ በባዶ መስመር የተሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ስትሪፕ ስፔስ እነዚያን ኖዶች ገና ከመነሻው ታስወግዳቸዋለች። ግን ልብ በሉ፣ በስምና በአባት ስም መካከል የነበረው ብቸኛ መለያም እሱው ነበር! ቆሻሻ ነው ብዬ ስጥለው መለያውንም አብሬ ጣልኩት።

ሁለተኛው ሕግ ስለ ስታይልሺቱ ራሱ ነው፤ እሱም የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። በስታይልሺት ውስጥ ባዶ ቦታ ብቻ የያዘ የጽሑፍ ኖድ ይጣላል። እንዲህ የተደረገው እኛ ስታይልሺታችንን ለንባብ እንዲመች አድርገን በመስመር በመስመር እንድንጽፍ ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ከዚህ የሚተርፈው በቴክስት ኤለመንት ውስጥ የተጻፈው ነው፤ ወይም ስፔስ የሚለው የኤክስኤምኤል አትሪቢዩት «ጠብቅ» ብሎ ያዘዘለት ነው። ያን ጠዋት በሁለቱ ትእዛዞች መካከል የተጫንኩት ክፍተት አንድም ሆነ ሁለት፣ ብቻውን ስለቆመ ተጣለ። በቴክስት ኤለመንት ውስጥ አንድ ክፍተት ብጽፍ ኖሮ ችግሩ በአንዲት መስመር ያልቅ ነበር። 41 ሰው ያቆመው ይቺ አንዲት መስመር ናት።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንወድቅበት ሌላ ጉድጓድ አለ። ባዶ ቦታው ብቻውን ካልሆነ፣ አንዲት ፊደል እንኳ አብራው ካለች፣ ምንም አይጣልም። «ስም፦» የሚለውን ቃል በስታይልሺቱ ውስጥ በራሱ መስመር ላይ ብትጽፉ፣ ከፊቱ ያለው አዲስ መስመርና ከኋላው ያለው ክፍተት በሙሉ ተጠቅልሎ ይወጣል። መፍትሔው «ስም፦»ን በቴክስት ኤለመንት ውስጥ ማስገባት ነው። ያኔ ከኤለመንቱ ውጪ የቀረው ባዶ ቦታ ብቻውን ስለሚሆን ይጣላል፤ የሚወጣው በውስጡ የጻፋችሁት ብቻ ይሆናል።

ሌላም ልጨምር። ውጤቱ ተራ ጽሑፍ ሲሆን ኢንደንት የሚለው የአውትፑት መመሪያ ምንም ሥራ የለውም፤ እሱን «የለም» ብሎ ባዶ መስመር ይጠፋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ቫልዩ ኦቭ የምትባለው ትእዛዝ ደግሞ ብዙ ኖድ ሲሰጣት በ1.0 የመጀመሪያውን ብቻ ታወጣለች፤ ስታይልሺቱ 2.0 ነኝ ካለ ግን ሁሉንም በአንድ ክፍተት እየለየች ታወጣለች። ስለዚህ ከላይ የቨርዥን ቁጥሩን መቀየር ብቻ በውጤቱ ውስጥ ያልነበረ ቃልና ክፍተት ሊያመጣ ይችላል። ፕሮሰሰር መቀየርም እንደዚሁ ነው። የማይክሮሶፍቱ ኤምኤስኤክስኤምኤል ካልከለከሉት በስተቀር ዶክመንቱን ሲጭን ባዶ ኖዶቹን አስቀድሞ ይጥላቸዋል፤ ሊኑክስ ላይ የምናገኘው ኤክስኤስኤልቲፕሮክ ግን ይጠብቃቸዋል። በዊንዶውስ አማረልኝ ብሎ ያስረከበ ተማሪ መምህሩ በሊኑክስ ሲያስኬዱት በባዶ መስመር የታጨቀ ፋይል ቢያወጣ አይገረም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። ይህን ጉዳይ ሳነሳ ከጓደኞቼ የምሰማው መልስ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው «ክፍተት የውበት ጉዳይ ነው፣ ዋናው ዳታው ነው» የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ የመጣው ከኤችቲኤምኤል ይመስለኛል። እዚያ አሥር ክፍተትና አምስት አዲስ መስመር ብትጽፉ ብራውዘሩ አንድ አድርጎ ያሳያችኋል፤ ጥፋታችንን ከኋላ ሆኖ የሚሸፍንልን አለ። ተራ ጽሑፍ ላይ ግን ማንም የለም። የሚያነበው ፕሮግራም ከሆነ ባዶ ቦታው ራሱ ዳታ ነው፤ የት ስም አልቆ የት የአባት ስም እንደሚጀምር የሚነግረው ሌላ ነገር የለውም። በአማርኛ ስም ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ተብሎ የሚደረደር ነው፤ አንዱ ካንዱ ከተጣበቀ የትኛው የማን እንደሆነ ማሽን ቀርቶ ሰውም ላይለየው ይችላል።

ሁለተኛው «ኖርማላይዝ ስፔስን ሁሉም ቦታ አድርግበትና እረፍ» የሚል ነው። ይህቺ ፈንክሽን ከጽሑፍ ፊትና ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ትቆርጣለች፤ በመካከል ያለውን ደግሞ ወደ አንድ ክፍተት ትሰበስባለች። ለስም፣ ለቁጥር፣ ለአጭር ዳታ ግሩም ናት፤ እኔም እጠቀምባታለሁ። በእያንዳንዱ የጽሑፍ ኖድ ላይ በጅምላ ስትውል ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ናት። አንድ አንቀጽ ውስጥ አንዲት ቃል በደማቅ እንድትጻፍ በታግ ተከባለች እንበል። ከታጉ በፊት ያለው ጽሑፍ የሚያልቀው በክፍተት ነው፣ ከታጉ በኋላ ያለውም የሚጀምረው በክፍተት ነው። ፈንክሽኗ ሁለቱንም ትቆርጣለች፤ ደማቋ ቃል ከግራም ከቀኝም ከጎረቤቶቿ ጋር ትጣበቃለች። ስትሪፕ ስፔስንም በኮከብ ምልክት ለሁሉም ኤለመንት ማዘዝ እንዲህ ባሉ ዶክመንቶች ላይ ያው ጉዳት አለው፤ በሁለት ታጎች መካከል ብቻዋን ያለችውን ክፍተት ትበላለች። ለዚህ ነው ፕሪዘርቭ ስፔስ የምትባል ተቃራኒ መመሪያ አብራ የተሠራችው። የትኛው ኤለመንት ዳታ፣ የትኛው ንባብ እንደያዘ ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ሦስተኛው «ወጣ እንጂ፣ በኋላ በእጅ ይስተካከላል» ነው። የእኔው በሽታ ይኼ ነበር። በእጅ የተስተካከለ ፋይል የሚኖረው ስታይልሺቱ እንደገና እስኪሮጥ ድረስ ነው። ትራንስፎርሜሽን የምንሠራው እኮ ነገ ዳታው ሲቀየር እንደገና ለማስኬድ ነው! አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ቢሆን በእጅ መጻፉ ይቀል ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ደግሞ አፍስሼ ሌላ ሰው አስለቀምኩ።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ትዝ የሚለኝ የራሳችን ሁለት ነጥብ ነው። በብራና መጻሕፍት ላይ ጸሐፊው በሁለት ቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ያኖራል። ክፍተቱን ዝም ብሎ አይተወውም፣ በብዕር ይጽፈዋል። ከተረሳ መረሳቱ ይታያል። ዛሬ በኮምፒዩተር ስንጽፍ ሁለት ነጥብን አብዛኞቻችን ትተን ባዶ ክፍተት እንጠቀማለን፤ ክፍተት ደግሞ ስትኖርም ስትጠፋም ድምፅ የላትም። በስታይልሺት ውስጥ ያለችው የቴክስት ኤለመንት ለእኔ የሁለት ነጥብን ሥራ ትሠራለች። «እዚህ ጋ ክፍተት አለ፣ አውቄ ነው ያኖርኩት» ትላለች። ስታይልሺቱን በኋላ የሚያነብ ሰውም ያያታል።

በነገራችን ላይ፣ ከአማርኛ ጽሑፍ ጋር የምትሠሩ ይህን እወቁ። ለኤክስኤምኤል ባዶ ቦታ ማለት አራት ምልክት ብቻ ነው፤ ስፔስ፣ ታብ፣ እና ሁለቱ የመስመር መጨረሻ ምልክቶች፤ በቁጥር 32፣ 9፣ 10 እና 13። ሁለት ነጥብ ከእነዚህ ውስጥ የለም። በዩኒኮድ የራሱ ቦታ ያለው፣ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 1361 የሆነ ሥርዓተ ነጥብ ነው። ስለዚህ ኖርማላይዝ ስፔስ አይነካውም፤ ስትሪፕ ስፔስም አይጥለውም። በአሮጌ ዝርዝር ውስጥ ስሞች በሁለት ነጥብ ተለያይተው ከመጡና በክፍተት እንዲወጡ ከፈለጋችሁ ትራንስሌት በምትባለው ፈንክሽን ራሳችሁ መቀየር አለባችሁ። ከዌብ ገጽ ኮፒ ስናደርግ የምትመጣው የማትሰበረው ክፍተትም፣ ቁጥሯ 160 የሆነችው፣ እንዲሁ ናት፤ ለዓይን ክፍተት ትመስላለች፣ ለፈንክሽኗ ግን ተራ ፊደል ናት።

«ኤክስኤስኤልቲ ድሮ ቀረ፣ ምን አደከመህ?» የሚለኝም አለ። ይሁን። ግን ጽሑፍ ከቴምፕሌት የሚያወጣ መሣሪያ ሁሉ ይህ ጣጣ አለበት። ፓይተን ላይ የምንጠቀምበት ጂንጃ በታጉ ጫፍ ላይ የመቀነስ ምልክት ሲደረግበት በዚያ በኩል ያለውን ባዶ ቦታ የሚቆርጠው ለምንድን ነው? የጎ ቋንቋ ቴምፕሌትስ ያንኑ ምልክት ለምን አስፈለገው? ጥያቄው አንድ ስለሆነ ነው፤ ለእኛ ንባብ የተቀመጠውን ክፍተት ለውጤቱ ከተጻፈው ክፍተት እንዴት እንለየው? እዚህ የተማረ እዚያም አይቸገርም።

እንግዲህ ለመምህሮቻችን ያለኝን ጥያቄ ላቅርብ። በትራንስፎርሜሽን ላብ ላይ አሁን የሚታየው ውጤቱ በዓይን ሲታይ ትክክል መምሰሉ ነው። በእኔ አስተያየት ከጥያቄው ጋር የሚጠበቀው ውጤት በፋይል ይሰጠን፤ የእኛ ውጤት ደግሞ ዲፍ በሚባለው ፕሮግራም ፊደል በፊደል ይመሳከር። አንዲት ትርፍ መስመር ካለች ትታይ። ውጤቱ ሳይነካ፣ ከስታይልሺቱ እንደወጣ ይመሳከር፤ በእጅ የተጸዳ አይቆጠር። ከባድ ነው የሚል ካለ፣ ፈተና በር ላይ ከመቆም ይቀላል እላለሁ።

ለእናንተ ለጓደኞቼ ደግሞ፦ ማንኛውንም የጽሑፍ ውጤት ከመላካችሁ በፊት ባዶ ቦታውን አውጥታችሁ እዩት። ኤዲተሮቻችን ክፍተትንና ታብን በነጥብና በቀስት የማሳየት ምርጫ አላቸው። ሊኑክስ ላይ ካት የሚባለውን ትእዛዝ በትልቁ ኤ ምርጫ ብታስኬዱት የእያንዳንዱን መስመር መጨረሻ በዶላር ምልክት ያሳያችኋል፤ ከዶላሩ በፊት የተረሳች ክፍተት ካለች ወዲያው ትታወቃለች። ስታይልሺት ስትጀምሩም ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ምንጩ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ለውጤቱ ያስፈልገኛል ወይ? የምጽፈው ቃል ሁሉ በቴክስት ኤለመንት ውስጥ ነው ወይ? በየሁለቱ ዳታዎች መካከል መለያውን የሚጽፈው ማን ነው? የሦስተኛው መልስ «እኔ» ካልሆነ አትላኩት።

ያቺን ልጅ ከዚያ በኋላ ላይብረሪ አግኝቻት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ፈተናውን እንደምንም አልፋለች፤ ግን ከለመደችው በታች ነው ያመጣችው። ስሟን ምን እንደበላው አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «አሁን ይጽፈዋል?» አለች። ስታይልሺቱን ከፍቼ ያቺን አንዲት መስመር አሳየኋት።

አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይ የማትስማሙ፣ ጻፉ። በሌላ እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!